የጊብ ጆሮ

ጸሐፊው ኦስበርት በዝናብ መጣና
ገበታዬ ላይ ዘረጋው ብራና።
«ቀይ ይሁን መደቡ፣ ከወይን የጠለቀ፣
ሦስት አንበሳ ይኑር፣ በወርቅ የደመቀ፣
አንዱ ካንዱ በላይ፣ እግራቸው ተነሥቶ፣
ፊታቸው ወደ ጠላት፣ ምላሳቸው ወጥቶ።
ንጉሡ ይዘምታል፤ ለፋሲካ ይድረስ፤
ሂሳቡ ኋላ ነው፣ በደኅና ሲመለስ።»
«ለምን ሦስት?» አልኩት። «ለአያት፣ ለአባት፣ ለራሱ።»
«ለእናቱስ?» ሳቀብኝ፤ በሩን ከፍቶት ሄደ ለንፋሱ።

የወርቅ ክር ጠላፊ፣ የአንጥረኛ መበለት፣
ጉኒልዳ ነኝ፤ ቤቴ ቴምዝ ዳር፣ ጎርፍ የሚገባበት።
ጽጌረዳ አውቃለሁ፤ መልአክም ጠልፌ
የጳጳስ ካባ ላይ ክንፉን አሰልፌ
(መልአኩን ማን አይቶት? ማንም አይወቅሰኝ፤
አንበሳ ግን አለ፤ ይህ ነው ያስጨነቀኝ)።

መነኩሴው አለኝ መጽሐፉን ገልጦ፦
«አንበሳ ይተኛል ዓይኖቹን አፍጥጦ፤
ደቦሉም በድን ነው ሲወጣ ከማሕፀን፣
አባት እፍ ይልና ይነሣል በሦስተኛው ቀን።»
መልካም፤ ግን ጭራውስ? ጥፍሩስ ስንት ይሆን?
እሱን አልጻፈውም፤ ዘጋው መጽሐፉን።

ሬንፍሪድ የሚሉት፣ አንድ ዓይኑ የቀረ ባሕር ማዶ አሸዋ ላይ፣
ከመስቀል ጦርነት የተመለሰ፤ ቢራ ገዝቼለት፣ «አየህ ወይ?»
«ዝንብ አየሁ» አለኝ። «ዝንብና ጥማት። ከዚያ ወዲያ ሰማይ።»

ሦስት ሳምንት ቀረኝ። ሐሩ ተወጠረ፤
መርፌዬ ሥራ ፈት፣ ጣቴን እየወጋ አደረ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት የወፍጮ ቤቱን ድመት፣
ጊብን፣ ያን ሽፍታ፣ ያን ጆሮ ቆራጣ፣ ያን የጎረቤት መዓት፣
በግንቡ ጫፍ ላይ፣ ዝግ ብሎ፣ ኮርቶ፣
ግብር እንደሚቀበል ሹም አንድ እጁን አንሥቶ፤
ድንገት ቆመና ፊቱን አዞረው፣
«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» የሚል ነው የሚመስለው።

አንበሳው እሱ ነበር። ጎፈር ጨመርኩለት፣
ጥፍሩን ሳልኩ፣ ምላሱን በሰማያዊ ክር አወጣሁለት፤
ሌሊቱን በጧፍ ብርሃን፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
ያንኑ አንድ ድመት ጠለፍኩ፣ ደንዝዞ ጣቴ።
የግራ ጆሮው ላይ ግን እጄ አልቻለም መዋሸት፤
ግማሹን ብቻ ሰፋሁት፣ ውሻ እንደቀማው ያን ለት።

ኦስበርት አየና ቅንድቡን ሰቀለ፦
«ጆሮው ምነው አጠረ? እንዲህ ያለ አንበሳ የት አለ?»
«ጌታዬ፣ አንበሳ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።
መልስ አጣ። በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ ሦስት ድመት ጫነ ወደ ቤተ መንግሥት።

ንጉሡ ዘመተ። ንጉሡ ተያዘ።
በባዕድ ግንብ ተቆለፈ፤ ቤዛውም በብር ታዘዘ።
የገበሬ በግ ተሸለተ፣ የካህን ጽዋ ተወሰደ፣
ከኔም ቤት ስድስት ፔኒ በግዴታ ሄደ፤
የድካሜን ዋጋ ሳላገኝ፣ እኔው ከፈልኩ ለንጉሥ፣
ባለዕዳዬን ከእስር ላስፈታ፣ ዕዳውን ይዞ እንዲመለስ።

ተመለሰ። አልከፈለም። ደግሞ ዘመተ፤ ሞተ።
ዓርማው ግን ቆመ፤ እሱን አይቶ አገር ከተተ።
ቀራጩ ከድንጋይ፣ ማኅተም አድራጊው ከሰም
ጆሮውን አሳጠሩ፤ «ለምን?» ያለ የለም።
አንዱ ሊቅ እንዲያውም በላቲን ጽፎ አነበበ በአደባባይ፦
«የግራው ያጠረው ንጉሥ ሐሜት እንዳይሰማ ነው፤ ምሥጢር አለው ከላይ።»

ዛሬ አርጅቻለሁ፤ የመርፌ ዓይን አላይም፤
ሰልፉ ሲያልፍ ግን ከደጄ አልጠፋም።
ያ ቀይ ሐር ሲውለበለብ ባርኔጣ ይወልቃል፤
ጢም ያላበቀለው የፍሪስዊድ ልጅ «እሞትለታለሁ» ይላል።
ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ከግንቡ ጫፍ ላይ ደግሞ
የጊብ የልጅ ልጅ አለ፣ ሁለቱም ጆሮው ቆሞ።
ዓርማውን አየና አንድ እጁን አነሣ፤
ሊልሰው ነው እንጂ፣ አልነበረም ለአንበሳ።